ኮሶ፣ እንዶድ፣ ጠበል፦ በዳንግላ አገር የመንጻት ልማድ ታሪክ

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ከግሽ ዓባይ አፋፍ ላይ ሲደርስ መንገድ መሪው ጫማውን እንዲያወልቅ ነገረው። በምንጩ ዙሪያ የሚኖሩት አገዎች ውኃውን እንደ አምላክ ያከብሩት ነበር፤ በጫማ የሚቀርበውንም ሰው አይታገሡም። ብሩስ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው የዓባይን መነሻ በዓይኑ ለማየት ነውና አልተከራከረም። ጫማውን ጥሎ ቁልቁለቱን በሩጫ ተያያዘው፤ ከታች ሳይደርስም ሁለት ጊዜ ክፉኛ ወደቀ።

ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1790 እ.ኤ.አ.፣ ጉዞውን በአምስት ቅጽ አሳተመ። ስለ ምንጩ ብዙ ገጽ ጽፏል። በዚያው መጽሐፍ ስለ አንድ የደጋ ዛፍም ጽፎ ሥዕሉን አስገብቷል፤ ዛፉ ኮሶ ነው። ብሩስ እንደሚለው የሐበሻ ሰው፣ ወንድ ሴት፣ ትንሽ ትልቅ ሳይል፣ በየጊዜው ኮሶ ይጠጣል፤ መንገድ ሲወጣም ከስንቁ ጋር ይይዘዋል። ዛፉ የሚተከለውም በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በጽዶቹ መካከል፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ እንዲጠቀምበት ነው።

ምንጩና ዛፉ እንዲህ በአንድ መጽሐፍ የተገናኙት በአጋጣሚ ቢሆንም በአገሬው ኑሮ ውስጥ አንድ ወገን ነበሩ። ሁለቱም ያነጻሉ። አንዱ ሆድን፣ ሌላው ነፍስንና ሥጋን። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሴቶች ወደ ወንዝ ይዘውት የሚወርዱት እንዶድ አለ፤ የእርሱ ድርሻ ልብስ ነው።

ዳንግላ የዚህ አገር አንዷ በር ናት። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ዋና መንገድ፣ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በአዊ ዞን ትገኛለች። ግሽ ዓባይ ከእርሷ በስተደቡብ ምሥራቅ በሰከላ ነው፤ ከዚያ የሚነሣው ግልገል ዓባይም በምሥራቋ በኩል አልፎ ጣና ይገባል። አገሬው ራሱን “ሰባት ቤት አገው” ይላል፤ ከላስታ በኩል ከመጡ ሰባት ወንድማማቾች የተወለደ መሆኑን ይተርካል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ ነበረች። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. እዚያ የተቀመጠው ቆንስል ሮበርት ቺዝማን ጣናን ዞሮ፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ካርታ አንሥቷል፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍም በ1936 ታትሟል። እንግሊዞች ዳንግላን የመረጧት ለውኃው ሲሉ ነው። የጣና ውኃ ሱዳንና ግብፅን የሚያጠጣ በመሆኑ ከቅርብ ሊያዩት ይፈልጉ ነበር።

አገሬው ግን ውኃውን በሌላ ዓይን ያየዋል። የሦስቱ መንጻት ታሪክም ከዚህ ይጀምራል፦ ሁለቱ በሱቅ ዕቃ ተተክተዋል፤ አንዱ አልተተካም።

የኮሶ ቀን

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። ዳንግላ ራሷ ወይና ደጋ ብትሆንም ወደ እንጅባራና ወደ ባንጃ ሲወጣ ኮሶው የሚወደው ብርድ ይጀምራል። ወንዴው ዛፍና ሴቴዋ ለየብቻ ናቸው፤ ለመድኃኒት የምትመረጠው ሴቴዋ ናት። በረጅም ዘለላ ተንጠልጥሎ የሚቀላው አበባዋ ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል። ጠጪው ማታውን ሆዱን ሳይጭን አድሮ በማለዳ በባዶ ሆዱ ይጨልጠዋል። ምሬቱን ለማስረዳት አማርኛ ብዙ አልደከመም፤ ፊቱን የሚያጨማድድን ሰው “ኮሶ የጠጣ ይመስላል” ማለት በቂ ነው። ኮሶው እስኪሽር ድረስ እህል አይቀመስም። ሲሽር ማሻሪያ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ ይተነፍሳል።

የሚባረረው የላም ሥጋ ትል ነው። በጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለው እጭ አንጀት ገብቶ ይጣበቃል፤ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ አድጎ በሜትር የሚለካ ረጅም ጥብጣብ ይሆንና ቁራጭ ቁራጩን ይጥላል። ቁርጥና ብርንዶ የበዓል ክብር በሆነበት አገር ትሉን የማያውቅ ቤት አልነበረም። መድኃኒቱና በሽታው ስም እስከ መጋራት ደርሰዋል፤ “ኮሶ ታየኝ” የሚል ሰው ያየው አበባውን ሳይሆን ትሉን ነው።

ታዲያ ለምን ይደጋገማል? ኮሶ የትሉን ረጅም ሰውነት ጠርጎ ያወጣል፤ አንጀት ላይ የተጣበቀውን ራሱን ግን ብዙ ጊዜ ይተወዋል። የቀረው ራስ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ከሁለት ሦስት ወር በኋላም ቁራጭ መጣል ይጀምራል። መንገደኞች “በየሁለት ወሩ ይጠጣሉ” ብለው የመዘገቡት ልማድ የመጣው ከዚህ ነው። አገሬው የትሉን የዕድገት ዘመን በማጉያ መነጽር ሳያይ በሆዱ ቆጥሮት ነበር።

ስለዚህ ኮሶ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ቀንም ሆነ። ኮሶ የጠጣ ሰው ሥራ አይወጣም፣ እንግዳ አይቀበልም። “ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል” ከተባለ ደጅ ጠኚው ቅር ሳይለው ይመለሳል፤ አገልጋይም “ኮሶ ልጠጣ ነው” ካለ ዕረፍቱን የሚከለክለው የለም። መኳንንቱ ሊያዩት የማይፈልጉትን ሰው ለማሰናበት ይህችን ሰበብ ሳይጠቀሙባት አልቀሩም። በባላባትና በሎሌ መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ ለአንድ ቀን የሚቀልለው በዚህ ምሬት ፊት ነበር፤ ትሉ የሁለቱንም ማዕድ ይጋራልና።

መጠጡን ሁሉም ቢጠጣውም መሸጡ ግን የድሃ ሥራ ነበር። በገበያ ጥግ የደረቀ ኮሶ ዘርግታ የምትቀመጥ ሴት ከዚያ በታች የሚወርድበት ሥራ የሌላት ተደርጋ ትታይ ነበር። ይህ ንቀት በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ስሙን ጥሏል። የቋራው ካሳ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ገና ሽፍታ ሳለ ጠላቶቹ እናቱን ወይዘሮ አትጠገብን ችግር ኮሶ አሽጧታል እያሉ “የኮሶ ሻጭ ልጅ” ይሉት ነበር። የእቴጌ መነን የጦር አዛዥ ደጃዝማች ወንድይራድ ይህንኑ የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዞ እንደሚመጣ ፎክሮ ዘመተ። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገው ውጊያ ግን የተያዘው ራሱ ወንድይራድ ሆነ። ካሳም ኮሶ አስበጥብጦ አጠጣው ይባላል፤ እናቴ ዛሬ ገበያ ሳይቀናት ቀርቶ ያልተሸጠ ተርፏታል የሚል ቀልድ አክሎበት። ታሪኩ እስከ ዛሬ የሚነገረው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ማንጻት ለሁሉ አስፈላጊ ሆኖ ሳለ የሚያነጻው ሰው ለምን ይናቃል የሚለውን ጥያቄ፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን በሚመለከት እንደሚነሣው ሁሉ፣ ሳይመልስ ያነሣል።

ከባሕር ማዶ ደግሞ ኮሶ ሌላ ዕድል ገጠመው። ብሩስ ዛፉን በወዳጁ በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊጠራው ፈልጎ ነበር፤ ስሙ ግን ቀደም ብሎ ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ስለነበር አልሆነለትም። ጀርመናዊው ግሜሊን በ1791 እ.ኤ.አ. “ሃጌኒያ” አለው፤ የኮኒግስበርግ መድኃኒት ቀማሚና የዕፅዋት ተመራማሪ የነበረውን ካርል ሃገንን ለማሰብ ነው። እስታንቡል ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ብራዬር ደግሞ ከሐበሻ የመጣ ደረቅ አበባ አንድ በሽተኛ ሲያድን አየና ወደ ፓሪስ ይዞት ሄደ፤ እዚያም በ1824 እ.ኤ.አ. በእርሱ ስም “ብራዬራ” ተባለ። በ1864 የታተመው የእንግሊዝ የመድኃኒት መዝገብም ኮሶን አስገባው። የጎጃምና የጎንደር ደጋ ሴቶች የሚወቅጡት አበባ ለአንድ ትውልድ ያህል በለንደንና በፓሪስ መድኃኒት ቤት በክብር ተቀመጠ።

መልካም ነገር ብቻ አልነበረውም። ኮሶ መጠኑ ካለፈ ያስመልሳል፣ ያዝላል፤ ዓይን እስከ ማጥፋት የደረሰበት ጊዜም በሐኪሞች ተመዝግቧል። ስንት ጭብጥ ለማን እንደሚበቃ የሚያውቁ እናቶች የሚከበሩት ለዚህ ነበር። ነፍሰ ጡርና የደከመ ሰው ከኮሶ ይከለከላል። ኮሶ የማይስማማው ሰው ደግሞ እንቆቆ፣ መተሬ ወይም ሌላ የትል መድኃኒት ይፈልጋል።

የእንዶድ አረፋ

እንዶድ ቁጥቋጦ ነው፤ ሌላ ዛፍ ካገኘ ይንጠለጠላል፤ አጥር ላይና ወንዝ ዳር ይበቅላል። ፍሬው ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ውኃ ሲነካው ያረፋል። አረፋው እንደ ሳሙና ቅባትና እድፍ ያወጣል፤ ከዚያም በላይ የጥጥን ነጭነት ያወጣል ተብሎ ይመሰገናል። ነጠላና ጋቢ የክት ልብስ በሆነበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለጥምቀትና ለፋሲካ የሚለበሰው ነጭ ከቀናት በፊት ወንዝ ወርዶ፣ በእንዶድ ተነክሮ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በእግር ተረግጦ፣ ሣር ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። የወንዙ ዳር የሴቶች ጉባኤ ነበር፤ ወሬው፣ ምክሩ፣ ሐሜቱ ሁሉ ከአረፋው ጋር ይፈስሳል።

እንዶድ ለዘመናት ከልብስ እጥበት ያለፈ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ይህን ያስተዋለው ግን ሐረርጌ ተወልዶ በአሜሪካ የተማረ አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ነው። አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ያጠና ነበር። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በወንዝ ውስጥ በሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው፤ እጩ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውኃ ውስጥ ባለ ሰው ቆዳ ይገባል። አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲሄድ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አየ። ከዚያ በላይ ግን በሕይወት አሉ። ከላይ ሕያዋኑን ለቅሞ አረፋው ካለበት ውኃ ሲያገባቸው ወዲያው ሞቱ። የእንዶድ አረፋ ልብሱን ሲያነጣ የበሽታውን ተሸካሚም እየገደለ ነበር።

ግኝቱ ሥራ ወለደ። በ1966 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት በአድዋ ወንዞች ላይ በተደረገው ሙከራ የእንዶድ ዱቄት ወደ ውኃው እየተጨመረ ተጠና፤ ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። አክሊሉና የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ተቋማት እንዶድን በሰፊው ለመጠቀም ለዓመታት አመነቱ፤ ተጨማሪ የደኅንነት ጥናት ይቅረብ እያሉ ጊዜው ነጎደ። አክሊሉ በ1997 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ ወንዞች በእንዶድ የሚጸዱበት ዘመን ገና አልመጣም ነበር።

አንድ ጀርመናዊ ኪኒን

ከአክሊሉ ግኝት ቀደም ብሎ ግን ኮሶንና እንዶድን አንድ ተወዳዳሪ አግኝቷቸው ነበር። የጀርመኑ የባየር ኩባንያ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒክሎሳማይድ የሚባል ኬሚካል ሠራ። መጀመሪያ የተፈለገው ቀንድ አውጣ እንዲገድል ነው፤ በ1959 “ባይሉሳይድ” ተብሎ ለዚሁ ሥራ ለገበያ ቀረበ፤ ቢልሃርዚያን ለመከላከል ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ሆነ። ይኸው ኬሚካል የአንጀት ጥብጣብ ትልንም እንደሚገድል ሲታወቅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ “ዮሜሳን” በሚል ስም የሚዋጥ ኪኒን ሆነ።

ለሐበሻ ታሪክ ይህ ያልተለመደ ግጥምጥሞሽ ነው። ኮሶና እንዶድ በአገሬው ዘንድ አይገናኙም፤ አንዱ ከማለዳ ጋር፣ ሌላው ከወንዝ ጋር ነው የሚታወቀው። አንድ የፋብሪካ ኬሚካል ግን በሁለቱም ቦታ ተተክቶ ቆመ። ዮሜሳን ትሉን ከነራሱ ይገድላል፤ የሚመርርም ነገር የለውም፤ ጠጪውን አያዝለውም። ኮሶ ይሸነፍ ዘንድ ይህ በቂ ነበር። ወዲያው ግን አይደለም፤ ኪኒኑ እስከ ገጠር እስኪደርስ፣ ገንዘብ እስኪገኝ፣ ሰው እስኪያምነው ድረስ ዓመታት ወስዷል። ሆኖም ቀስ እያለ “ኮሶ ጠጥተዋል” የሚለው ሰበብ ከደጅ ጠፋ። ሎሌውም ጌታውም ኪኒን ውጦ ሥራው የሚሄድ ሆነ፤ በዚያው የዕረፍት ቀኑም ቀረ።

በልብስ እጥበቱ ደግሞ እንዶድ በሳሙና ተሸነፈ። ባለ ቀለም የፋብሪካ ልብስ ሲበዛ፣ ሳሙናና ኦሞ በየመንደሩ ሱቅ ሲገባ፣ ፍሬ ለቅሞ ማድረቅና መውቀጥ ለምን ይደክሙበታል? ውኃውም ቤት ቀርቧል። በዳንግላ ወረዳ የከርሰ ምድር ውኃ ከላይ ስለሚገኝ ገበሬው በግቢው ጉድጓድ ይቆፍራል። የወረዳዋ የዳንግሸታ ቀበሌ ነዋሪዎች ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውኃ ራሳቸው እየለኩ ለተመራማሪዎች መዝግበዋል። ውኃ በግቢ ያለው ቤት ልብሱን ወንዝ አያወርድም። የአረፋው ጉባኤ በየግቢው ተበተነ።

የኮሶ ዛፉም ተቸግሯል። እንጨቱ ለቤት ዕቃ ይፈለጋል፤ ከአንድ ትውልድ ወዲህም በፋግታ ለኮማና በባንጃ የገበሬው ማሳ በአውስትራሊያ ግራር፣ አገሬው “ዲከረንስ” በሚለው ዛፍ ተሸፍኗል። ዲከረንስ በጥቂት ዓመት ደርሶ ከሰል ይሆናል፣ ገንዘብ ያመጣል፣ የደከመ መሬት ያድሳል። ኮሶ ለመድረስ ከዚህ እጅግ የረዘመ ጊዜ ይጠይቃል። ከእርሻ የወጣው ኮሶ መጠጊያ ያገኘው ብሩስ ያየው ቦታ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር።

ያልተተካው ውኃ

ግሽ ዓባይ የቆየው ሳይለወጥ አይደለም። የኢየሱሳውያኑ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ኤፕሪል 21 ቀን 1618 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር ሲደርስ በምንጩ ዙሪያ የራሱ የአምልኮ ሥርዓት ያለው ሕዝብ አገኘ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጄሮኒሞ ሎቦ የአገሩ ቄስ በዓመት አንድ ቀን ሕዝቡን ሰብስቦ ላም እንደሚሠዋ፣ ራሷንም ወደ ምንጩ እንደሚጥል ጽፏል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ለብሩስ የነገሩት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ቀኑ የሚታወቀው በአንድ ብሩህ ኮከብ መውጣት ነው፤ የምትሠዋውም ያልወለደች ጥቁር ጊደር ናት። የምንጩን ሥርዓት የሚመራው ሽማግሌ “ክፍለ ዓባይ” ይባል ነበር፤ ብሩስ ያረፈውም በእርሱ ዘንድ ነው።

ዛሬ እዚያ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ጊደር ሳይሆን መስቀል ነው። ምንጩ ጠበል ሆኖ በቤተ ክርስቲያን እጅ ነው፤ ስሙም ከአቡነ ዘርዐ ብሩክ ጋር ተያይዟል። ትውፊቱ ጻድቁ ሲታሰሩ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ እንደሰጡ፣ ከእስር ሲወጡም ውኃው አንድም ሳያርስ እንደመለሰላቸው ይናገራል። በጥር ወር በሚከበረው በዓላቸው ምእመናን ከጎጃም ሁሉ ይጎርፋሉ። የአገው ሥርዓትና የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት የተለያዩ ናቸው፤ ሆኖም ጫማ ማውለቁ ቀጥሏል፣ በዓመት አንድ ጊዜ መሰብሰቡም እንዲሁ። ምንጩ ባለቤቱን ቀይሯል፤ ክብሩን አልቀየረም።

ጠበል ደግሞ በግሽ ብቻ አያበቃም። በጳጉሜን ቀናት ሰው በማለዳ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ በሩፋኤል ቀን ዝናብ ከጣለ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይሮጡበታል፤ ዝናቡ ጠበል ነውና። ሴት ስትወልድ ካህን መጥቶ ቤቱን ጠበል ይረጫል። የታመመ፣ ሕልም የሚያስጨንቀው፣ ዛር የያዘው፣ ስለት ያለበት፣ የተጣላ፣ የተጸጸተ ሁሉ “ጠበል ገባ” ይባላል። ለመጠመቅ የሚሄድ ሰው ጾሞ፣ ከሩካቤ ተቆጥቦ፣ በማለዳ፣ ሳይቀምስ ነው። ይህ የማለዳ ባዶ ሆድ ከኮሶ ሥርዓት ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለቱም መንጻትን የሚጀምሩት ከመከልከል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው መሻሩን ወይም አለመሻሩን እስከ ቀትር ያውቃል። ጠበል የገባ ሰው ግን ሰባት ቀን፣ ሁለት ሰባት፣ አርባ ቀን ይቆያል፤ ባይድንም ደካማው እምነቱ ነው ወይም ጊዜው አልደረሰም ይባላል።

ኮሶና እንዶድ የተጠየቁት አንድ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ትሉን ታወጣለህ? እድፉን ታስለቅቃለህ? የተሻለ የሚመልስ ሲመጣ ተተኩ። ጠበል የሚጠየቀው ግን ብዙ ነው፤ ከሚጠየቀው ውስጥ ፋርማሲ ሊመልስ የሚችለው ጥቂቱን ነው። ስለዚህ ኪኒን ሲመጣ ጠበል አልተተካም፤ ከኪኒኑ ጋር እንዴት እንደሚኖር ነው መወሰን የነበረበት።

ይህ ውሳኔ በግልጽ የተነሣው በኤችአይቪ ዘመን ነው። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. በሺህ የሚቆጠሩ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች በአዲስ አበባ እንጦጦ ማርያም ጠበል ሰፈሩ። ብዙዎቹ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን አቋርጠው ነበር፤ በኪኒንና በጠበል መካከል መምረጥ ግድ የመሰላቸውም አልጠፉም። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውንና መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ኪኒኑን በጠበል የሚውጥ ሰው መታየቱ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀረ።

ጠበል በዕቃው በኩልም ዘመናዊ ሆኗል። ቀድሞ በቅልና በእንስራ የሚቀዳው ዛሬ በጀሪካንና በባዶ ሃይላንድ ይቀዳል፤ በአውቶቡስ ተጭኖ አዲስ አበባ ይደርሳል፣ ከዚያም በዘመድ ሻንጣ ባሕር ይሻገራል። ይህ መስፋፋት የራሱን ችግር አመጣ። በሐምሌና በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በምዕራብ ጎንደር ቋራ በበርሜል ቅዱስ ጊዮርጊስ ጠበል ኮሌራ ገባ። ከየአቅጣጫው የመጡ ምእመናን በአንድ ሥፍራ ታጭቀው ሰፍረው ነበር፤ ሲመለሱም በሽታው አብሯቸው ወደየወረዳቸው ተጓዘ።

የጤና ባለሙያና የአጥቢያ አባት በአንድ ምንጭ ዳር ቆመው መነጋገር የግድ የሚሆንባቸው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። መጸዳጃው ከውኃው ምን ያህል ይራቅ? ሠፈረተኛው ስንት ይሁን? የሚጠጣው ጠበል ክሎሪን ይግባበት ወይስ ለመጠጥ ሌላ ውኃ ይቅረብ? እንዶድና ኒክሎሳማይድ በወንዝ ላይ ለዓመታት የተሟገቱበት ጥያቄ፣ ውኃን በምን ማንጻት ይገባል የሚለው፣ አሁን ወደ ጠበሉ ደጃፍ ደርሷል፤ መልሱም ከደብር ደብር፣ ከወረዳ ወረዳ እየተለያየ በመወሰን ላይ ይገኛል።